እመት ቁራ በሱኑት ደን

በካርቱም፣ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት ከመግረን አጠገብ፣ ሱኑት የሚባል የግራር ደን ነበረ። በዚያ ደን ሳቢሳዎች ከላይ በጥላው፣ ቁራዎች ዳር ላይ ፀሐይ በሚያነደው እሾህ ላይ ይኖሩ ነበር። የደኑ ገዢ አያ ጭልፊት «ጥላው የነጭ ወፍ ነው፤ እናንተ በጥቁሩ ጎርፍ የመጣችሁ መጤዎች ናችሁ» ብሎ ደንግጓል።

አንድ ሌሊት የእመት ቁራ ልጅ ጥላ ሥር ተኝቶ ተገኘ። ገደሉት። እግሩን ከድንጋይ ጋር አስረው ወንዙ ውስጥ ጣሉት።

እናቱ ከመግረን እስከ ቱቲ ደሴት ውሃውን ስታስስ ሰነበተች። ስታገኘው ላባው በደለል ተጣብቋል። አንድ በአንድ በምንቁሯ እየለየች አጸዳችው። ገመዱን ግን አልጣለችም።

ድንጋዩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. በካርቱም፣ በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ደጅ የተቀመጡት ተቃዋሚዎች ከተጨፈጨፉ በኋላ ከዓባይ ከወጡት አስከሬኖች መካከል ጡብ የታሰረባቸው ነበሩ።

እመት ቁራ ገመዱን ጭልፊት እግር ሥር አስቀመጠች።

«አቤት ጌታዬ! ልጄን ማን አሰረው?»

«ቁራ ሁሉ ረባሽ ነው። ከፊቴ ጥፊ!»

«ክረምት ጥቁር ዓባይ ሲሞላ ነጩን ገፍቶ ያቆመዋል። መሄጃ ያጣው ውሃ እዚህ ደን ውስጥ ይተኛል፤ ግራሩም ይጠጣዋል። የተቀመጥክበትን ጥላ ያበቀለው እኛን የምትሰድብበት ጎርፍ ነው። ልጄን ማን አሰረው?»

ደብድበው አባረሯት። ቁራ ከሄደ አይመለስም ይባላል፤ እሷ ግን በማግስቱ መጣች፣ በሠልስቱም መጣች። ክንፏ እየደማ ያንኑ ጠየቀች።

በመጨረሻ አንዲት ሳቢሳ ከላይ ወረደችና በዓባይ ደለል ተንከባለለች። ሌሎቹም ተከተሏት። «ሁላችንም ቁራ ነን!» ሲሉ ደኑ ተናወጠ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የኦማር አል በሽር መንግሥት አመፁን በዳርፉር ተማሪዎች ሲያላክክ፣ የካርቱም ልጆችም «አንተ ዘረኛ፣ አገሩ ሁሉ ዳርፉር ነው» ብለው ወጥተዋል። ያንን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

እመት ቁራ ግን አልተደሰተችም።

«ልጆቼ፣ እናንተ ነገ ትታጠባላችሁ። የእኔ ልጅ በመልኩ ተገደለ፤ መልክ አይታጠብም። ከወደዳችሁኝ ጭቃው ሳይደርቅ አብራችሁኝ ችሎት ቁሙ፤ ሌሊቱን ከላይ ሆናችሁ ያያችሁትንም መስክሩ።»

ሳቢሳዎቹ ተያዩ። አይተው ነበር።

የመጀመሪያዋ ሳቢሳ ቀድማ ተነሣች። ጭልፊት ፊት ሲደርሱም እመት ቁራ ገመዱን ዘረጋችና፣ ልጇን ያሰረውን ወፍ ስም ጠርታ እንድትናገር መንገዱን ለቀቀችላት።