ያልመጣው ታመነ፣ የመጣው ዋሸ

ገዳሪፍ ውስጥ ከሰሊጥ ገበያው ዳር፣ ሻሂ እየጠጡ «እንግሊዝ ስለ እኛ ያልጻፈው የለም» ብለው የሚኮሩ አንድ ጋሼ አሉ። ጆሮውን የሚያውሳቸው ደግሞ ምላሱ እረፍት የሌለው ጆንያ ተሸካሚ ነው።

«ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ስለ ሐበሻ ልዑል ‹ራሴላስ›ን ጻፈ።»

«አገራችንን ዐይቶ ነው፣ ጋሼ?»

«የት አይቶ! የፖርቱጋሉን ቄስ የሎቦን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር፤ የቀረውን ከራሱ ጨመረ። እናቱ ሞታበት የቀብር ወጪ ሲቸግረው፣ በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ጻፈው ይባላል።»

«ያ ሰላም! እኛ ለተስካር ስንበደር እነሱ ልዑል ፈጥረው ይከፍላሉ?»

«ተጓዡ ጀምስ ብሩስ ግን በእግሩ መጥቷል። የጎንደሩ ንጉሥ የራስ አልፊል፣ ይኸውና መተማ አጠገብ፣ አገረ ገዥ አድርገው ሾመውት ነበር። በ1772 ወደ ስናር ሲያልፍ ተዋ ላይ ሼኽ ፊዴሌ አገተው፤ ብሩስ ጨረቃ ትጨልማለች ብሎ አስፈራራው፤ ጨለመችለት። ለንደን ገብቶ ‹ሐበሾች ከቁም ላም ሥጋ ቆርጠው ይበላሉ› ቢል ግን ሳቁበት። ጆንሰንም ተጠራጠረው። በ1792 የቀጣፊው የሙንሃውዘን ተረት ተከታይ ክፍል ለብሩስ መታሰቢያ ተብሎ ታተመ።»

«ሳይመጣ የጻፈው ሊቅ፣ ተሹሞ የኖረው ቀጣፊ?»

«እንዴታ! ያልሄደን ሰው የት ቦታ ዋሸህ ትለዋለህ?»

ጋሼ ይቺን ሲመልሱ ሻሂያቸውን ጨለጡ። ነጥቧ የእሳቸው ናት፤ አልክድም።

«ብሩስን ያነበበው ኮልሪጅ ደግሞ ኦፒየም ወስዶ ሲያንቀላፋ ሐበሻዊት ልጃገረድ አየሁ አለ። ‹ኩብላ ካን› የተባለው ግጥሙ በ1816 ታተመ፤ ልጅቷ ዳልሲመር ትመታለች።»

«ዳልሲመር ምንድን ነው?»

«የእነሱ ባለ አውታር መሣሪያ።»

«ክራሯስ? ጉምሩክ ያዘባት?»

«ስማ፤ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው በግዕዝ ብቻ ነበር የቀረው። ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ፤ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ገጣሚው ባይረን ስለ መላእክትና ስለ ሰው ሴቶች ልጆች በጻፈው ድራማ የሐበሾችን ሄኖክ በማስታወሻ ጠቅሷል።»

«እኛስ በምትኩ ምን አገኘን?»

«‹ራሴላስ›ን፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተረጎመልን።»

«ሰሊጡን ወስደው ዘይቱን በጠርሙስ ሸጡልን በሉኛ! ገዛን?»

«ገዛን እንጂ። ያገራችን ልዑል ነዋ፤ ናፍቆን ነበር።»