ለተኳለ ዓይን ኩል

በጥቅምት አጋማሽ በቨርጂኒያ ተራሮች አናት በሚያልፈው የስካይላይን ድራይቭ መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ተያይዞ ይጓዛል። ሰዉ የወጣው ቅጠል ሊያይ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ወገናችንም ነጠላውን አጣፍቶ፣ ልጆቹን ጭኖ ከሰልፉ አይቀርም። ቢወጣም አይፈረድበትም። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ አረንጓዴውን የሚሰጠው ክሎሮፊል ይፈርሳል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የከረመው ቢጫ ብቅ ይላል፤ ቀዩን ግን ዛፉ በአብዛኛው ያን ጊዜ አዲስ ይሠራዋል። ነገ ለሚጥለው ቅጠል ይህን ያህል መደገሱ የዛፉ የራሱ ጉዳይ ነው። የእኔ ጉዳይ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፦ ይህ ሁሉ ቀለም ፎቶ ይነሣል፣ ስልኩ ላይ አንድ የፊልተር ቁልፍ ይነካል፣ «የዘይት ቀለም ሥዕል» ሆኖ ለዘመድ አዝማድ ይላካል። ለተኳለ ዓይን ኩል ማለት ይሄ ነው።

ነገሩን ውሸት ነው ብለው የሚያወግዙ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ጃስፐር ክሮፕሲ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1860 የሀድሰንን ወንዝ መጸው ስሎ ለንደን ላይ ቢያሳይ፣ እንግሊዞቹ እንዲህ ያለ ቀይ በዛፍ ላይ አይታይም ብለው ተጠራጠሩ፤ እሱም ከአሜሪካ የመጣ እውነተኛ ቅጠል ከሥዕሉ አጠገብ ለማሳየት ተገደደ። ቅጠል ለምስክርነት ቆመ ማለት ነው። ሥዕሉ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ስላለና መግቢያውም በነፃ ስለሆነ፣ የተጠራጠረ ሄዶ ማመሳከር ይችላል። እንግዲህ የዚህ ወቅት ቀለም ገና ማንም ሳይነካው ውሸት ይመስላል፤ ፊልተሩን በማጋነን መክሰስ አያስኬድም።

የእኔ ክስ ሌላ ነው፤ ፊልተሩ አይመርጥም። ፎቶን ሥዕል ከሚያስመስሉት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው የኩዋሃራ ፊልተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ ሲወለድ ከሥዕል ጋር ትውውቅ አልነበረውም፤ የተሠራው የልብ ሕክምና ምስሎችን ለማጥራት ነበር። በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ያለውን ቦታ አራት ላይ ይከፍልና፣ ከአራቱ ቀለሙ ብዙ የማይለዋወጠውን መርጦ ነጥቡን በዚያ አማካይ ይተካዋል። ትልልቁ ጠርዝ ይተርፋል፣ ደቃቁ ነገር ይለሰናል፤ ዓይናችን ደግሞ ያንን ልስን የብሩሽ ምት ነው ብሎ ይቀበላል። ለታማሚ ልብ ጥሩ ነው። ከዛፉ ሥር የቆሙት እትዬ ነጠላ ላይ ግን ሸማኔው ዓይኑን ያፈሰሰበት ጥበብ አንድ ጭረት ሆኖ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ቱቢንገን የነበሩት ሊዮን ጌቲስና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ዘዴ ከዚህ እጅግ የረቀቀ ነው፤ የአንድን ሥዕል ስልት ቀድቶ በሌላ ፎቶ ላይ ያሳርፋል። በዓመቱ ፕሪዝማ የተባለው መተግበሪያ እንዲህ ያለውን ነገር ኪሳችን ውስጥ ከተተው። ሠዓሊው ቫን ጎህ እ.ኤ.አ. በ1889 በሣለው «ባለከዋክብት ሌሊት» ሽክርክሪቱን ለሰማዩ ሰጥቶ፣ ከታች ያሉትን ቤቶች ጸጥ አድርጎ ትቷቸዋል። ዘዴው ሽክርክሪቱ ምን እንደሚመስል ይማራል፤ ለማን እንደተሰጠ ግን አይመዘግብም። ስለዚህ ሰማዩም ይሽከረከራል፣ የሜፕሉ ዛፍም ይሽከረከራል፣ የጋሼም መላጣ አብሮ ይሽከረከራል።

እዚህ ላይ «ድሮስ ፎቶ አንሺዎች ፎቶን ሥዕል ያስመስሉ አልነበረም ወይ?» የሚል ይነሣል። ያስመስሉ ነበር። ፈረንሳዊው ሮቤር ደማሺ ሙጫና ቀለም በተቀባ ወረቀት ላይ እያተመ፣ በብሩሽ እያጠበና እየፋቀ ይሠራ ነበር። ግን የሚፋቀውንና የሚቀረውን የሚወስነው እጁ ነው። ዛሬም በኮምፒውተር ላይ ደኑን ሁሉ አደብዝዞ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ የሚያተርፍ ሰው ካለ፣ ብሩሹ የኤሌክትሪክ መሆኑ ሠዓሊነቱን አይቀንስበትም። «ቁልፍ ተጭኖ ደስ ካለውስ ምን አገባህ?» ለሚለኝም መልስ የለኝም፤ ደስታው የራሱ ነው፣ እንዲያውም ሰላሙ የበለጠ ነው። መራጩ ቅርንጫፏን ለማጉላት ብሎ ጋሼን ከሥዕሉ ካስወጣ፣ በሚቀጥለው ግብዣ ምክንያቱን ቆሞ ማስረዳት አለበት። ቁልፍ የተጫነው ይህ ዕዳ የለበትም፤ ሁሉንም እኩል አደብዝዟላ።