መርከቡ ነገሌ ገባ

የምርቃት መጽሔት ኮሚቴ ሥራውን የሚጀምረው ከሽፋኑ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሰውም እዚያው ነው። ሽፋኑ ላይ መርከብ አለ። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ ሸራ፣ ከአድማስ ብቅ የምትል ፀሐይ፤ ከግርጌው «ጉዞው ገና ተጀመረ»። መርከብ ካልተገኘ ንስር ይተካዋል። ንስሩ አምና ተይዞ ከሆነ ደግሞ ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቶ እጁን የዘረጋ፣ ጀርባው ብቻ የሚታይ፣ ፀጉሩ የሐበሻ የማይመስል ሰው ይመጣል። አዲስ አበባ ያለ ትምህርት ቤት ይህን ቢያደርግ ልብ የሚለው የለም። ነገሩ የሚያምረው መርከቡ ሻሸመኔንና አዶላን አልፎ፣ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በየብስ ተጉዞ ነገሌ ቦረና ሲገባ ነው። ጀሪካን ተደርድሮ ቦቴ በሚጠበቅበት ቆላ፣ የምርቃት መጽሔት ባሕር አጥቶ አያውቅም።

ነቃፊ ይህን አይቶ ይስቃል። ነቃፊ ጥበብ አይገባውም። የነገሌ፣ የያቤሎ፣ የሞያሌና የሻኪሶ ዓይነት ከተሞች የመጽሔት ኮሚቴዎች ሊመሰገኑበት የሚገባ አንድ ብልሃት አላቸው፤ ደጃፋቸው ላይ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳያመልጥ፣ ከመጽሔቱ ውጭ ማስቀረት። ታሪክ በሞላበት አገር ተቀምጦ አንዲት መስመር ታሪክ ሳያስገቡ ያን ሁሉ ገጽ መሙላት ቀላል ሙያ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጂሲ (የተመራቂ ክፍል) ኮሚቴ ይመረጣል። ፎቶ ቤቱ ናሙና ይዞ ይመጣል፤ ናሙናው አምና ሌላ ከተማ የታተመ መጽሔት ነው። ኮሚቴው በመሪ ቃሉ ላይ አጥብቆ ይከራከራል፤ ክርክሩም በአመዛኙ ፊደሉ ወርቃማ ይሁን ብርማ የሚል ነው። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ስም ይለወጣል፣ ዓመተ ምሕረቱም (ካልተረሳ) ይስተካከላል። ከዚያ የከለር ዴይ፣ የሱት ዴይ፣ የባህል ቀን ፎቶዎች ይደረደራሉ። በባህል ቀን የቦረናና የጉጂ ልጆች የአያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው ይነሣሉ። ከፎቶው ሥር የልብሱ ስም የለም፣ ማን እንደ ሠራው የለም፣ መቼ እንደሚለበስ የለም። «ባህላችን ውበታችን» ይላል፤ አለቀ።

አሜሪካውያን በዚህ ጉዳይ ያለ ልክ ደክመዋል። የዬል ኮሌጅ ተመራቂዎች የክፍላቸውን ምስል በአንድ ጥራዝ ከሰበሰቡበት ከ1806 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይርቡክ (የእኛው የምርቃት መጽሔት አቻ) እዚያ ትልቅ ንግድ ሆኗል፤ እንደ ጆስተንስ ያሉ ኩባንያዎች ይኖሩበታል። ለተማሪ አዘጋጆች የሚሰጠው ትምህርት ግን አድካሚ ነው። መሪ ቃሉ ለዚህ ትምህርት ቤትና ለዚህ ዓመት ብቻ የሚሆን እንጂ ለጎረቤት የሚዋስ እንዳይሆን ይመከራሉ። ከተመረጠ በኋላም ሽፋን ላይ ተለጥፎ መቅረት የለበትም፤ በየምዕራፉ መክፈቻ፣ በርዕሱ፣ ከፎቶ ሥር ባለች መስመር ሳይቀር መውረድ አለበት ይባላሉ። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ልፋት ቀርቷል። መሪ ቃሉ ለማንም ስለሚሆን ለሁሉም ይበቃል፤ ለሞያሌ የታተመው ተሳስቶ ዲላ ቢራገፍ እንኳ የሚያጉረመርም አይኖርም።

ደጃፍ ያለውን ነገር መንካት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ለማወቅ ነገሌን ማየት ይበቃል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሠፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር በምግብና በውሃ ምክንያት ተነሣ። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቷል፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም ብለዋል። ወታደሩ አለቆቹን አሠረ። ነገሩን አጣርተው እንዲያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ፣ ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለ፣ ተይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረጉ። አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ። ልክ በስምንተኛው ወር፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያ ሁሉ ነገር ሌላ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ቢሆንም አንዱ ጫፉ ነገሌ ላይ የቆመ የውሃ ፓምፕ ነው።

እንግዲህ አንድ ችኩል ተማሪ ከኮሚቴው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «መሪ ቃላችን ውሃ ይሁን» ቢል ምን ይከተላል? ምዕራፎቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ። የ1966ቱ ፓምፕ አለ፤ የዛሬው ቦቴ አለ። የትምህርት ቤቱ ቧንቧ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚፈስ የሚቆጥር ገጽ ይኖራል፤ ከክፍል በፊት ውሃ ቀድታ የምትመጣ ተማሪ ፎቶ ይኖራል፤ አያቱን ስለዚያ ጥር የጠየቀ ልጅ ይዞት የመጣው ወሬ ይኖራል። ከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ የቦረና ቱላ ኤላዎች አሉ፤ ሰው ከሰው በላይ ቆሞ፣ በዜማ እየተቀባበለ፣ ውሃ ከጥልቅ የሚያወጣባቸው ጉድጓዶች። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚያስተዳድረው አባ ሄሬጋ ይባላል፤ ስለ ወረፋ አንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ይደረግለት ቢባል ከእሱ የሚሻል አይገኝም። እንዲህ ያለ መጽሔት ቢታተም ሰው ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል። የሚነበብ የምርቃት መጽሔት ደግሞ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል? መርከቡ ይሻላል። መርከብ ባለበት ውሃ አለ፤ ጉዳዩም ተነሥቷል ማለት ነው።

ሻኪሶና አዶላ አካባቢ «ወርቃማው ትውልድ» ይገጥማል። እዚህ እንኳ ቃሉ ከቦታው ጋር ሊገናኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን እዚያው ነው። በ2010 ዓ.ም. የአካባቢው ሰው «ማዕድኑ ጤናችንን ጎዳ» ብሎ አደባባይ ወጥቶ ፈቃዱ ታግዷል፤ ከዓመታት በኋላም ሥራው ተመልሷል። ኮሚቴው ይህን ሁሉ ብልጥ ሆኖ አለፈው። ወርቁን ከኢንተርኔት አወረደ፤ ወርቃማ ፊኛ፣ ወርቃማ ብልጭልጭ። ለማንም ጤና የማያሰጋ ወርቅ።

ንስሩም ቢሆን በቂ ምክንያት አለው፤ የደጃፉ ወፎች ታሪክ ይዘው ይመጣሉ። ከነገሌ ብዙ ሳይርቅ በሊበን ሜዳ የምትኖረው የሊበን ላርክ ትንሽ፣ ሣር መሳይ ወፍ ናት። ሜዳው ሲታረስ፣ ሣሩ ሲጋጥ፣ ቁጥቋጦው ሲወርረው ከምድር ገጽ ሊጠፉ ከተቃረቡት የአፍሪካ ወፎች አንዷ ሆናለች፤ አርብቶ አደሩ «ካሎ» ብሎ የሚከልለው ሣር ለጥጃውም ለእሷም መጠጊያ ሆኗል። ያቤሎ ዙሪያ ደግሞ የቁራ ዘመድ የሆነ፣ ሌላ የትም የማይገኝ ወፍ አለ፤ ተመራማሪዎች የሚኖርበትን ክልል የወሰነው የአየሩ ሙቀት ነው ይላሉ። የሩስፖሊ ቱራኮ ታሪክ ግን ለኮሚቴዎች ልዩ ትርጉም ሊኖረው ይገባል። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ወፉን በዚህ ምድር ሰበሰበ፤ የት እንዳገኘው ሳይጽፍበት በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው። ወፉ የት እንደሚኖር ለማወቅ ሳይንስ አስርት ዓመታት ፈጀበት። ከፎቶ ሥር ጽሑፍ የማያሰፍር ኮሚቴ የሙያ ቅድመ አያቱን እዚህ ያገኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የገዳ ሥርዓት ነው፤ ኮሚቴዎቹ ከእሱ መሸሻቸው የሚገባም ነው፤ ያሳፍራቸዋልና።

ቦረና ዘመን የሚቆጥረው በአባ ገዳ ስም ነው። በእገሌ ገዳ ከብት በበሽታ አለቀ፣ በእገሌ ገዳ ይህ ሕግ ተደነገገ፣ በእገሌ ገዳ ዝናብ ጠፋ ይባላል። ይህን በቃል ይዘው የሚተርኩ አዋቂዎች አሉ፤ የአባ ገዳዎቹ ተራ ከ500 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳል። አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስለ ገዳ የሚተርክ መጽሐፍ ከቦረና ጋር ተቀምጠው ካጠኑት የወጣ ነው፤ ዩኔስኮም ገዳን በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ሥልጣኑ በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ በ2009 ዓ.ም. ተረክበው በ2017 ዓ.ም. ለጉዮ ቦሩ አስረክበዋል። ጉሚ ጋዮ የሚባለው ታላቅ ጉባኤም በየ8 ዓመቱ ተቀምጦ ሕጉን ይመረምራል፣ ባለሥልጣኑን ይጠይቃል።

እዚህ አገር፣ ወረቀት ሳይኖር፣ እያንዳንዱ 8 ዓመት ስም፣ ባለቤትና ዝርዝር አለው። ኮሚቴው ላፕቶፕ፣ ድሮንና ባለ ቀለም አንጸባራቂ ወረቀት ይዞ አንድ ዓመት ብቻ እንዲመዘግብ ተጠየቀ። መጽሔቱን ከአምስት ዓመት በኋላ የከፈተ ሰው የርዕሰ መምህሩን መልእክት ያገኛል፤ ካለፈው ዓመት መልእክት የሚለየው በቀኑ ነው። በዚያ ዓመት ዝናብ ጥሎ እንደ ነበር፣ የፊዚክስ መምህር ስንት ወር እንደ ጠፋ፣ በክፍሎች ውድድር ኳስ ማን እንዳሸነፈ፣ የትኛው ዘበኛ ስንት ትውልድ አስገብቶና አስወጥቶ ጡረታ እንደ ወጣ አያገኝም። ማን ቀይ ከረባት እንዳሠረ ግን በግልጽ ይታያል። ሽማግሌ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን የሚያውቁትን በዝግታ ነው የሚናገሩት፣ ማተሚያ ቤቱም ይቸኩላል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። የቦረና ከብት በገፍ አለቀ፤ ቤተሰብ መንደሩን ለቆ መጠለያ ገባ፤ የቀሩትን ከብቶች ተከትሎ የወጣ፣ በረሃብ ከክፍል የቀረ ተማሪ ብዙ ነው። እነዚያን ዓመታት አብረው የጀመሩት ሁሉ አብረው አልተመረቁም። የምርቃት መጽሔት ደንብ ግን ጥብቅ ነው፤ ያልተመረቀ ፎቶ የለውም። ፎቶ ስለሌለውም ከገጹ ላይ የጎደለ ሰው አይታይም። መሪ ቃሉ «ወርቃማ ትዝታ» ቢሆን ከመጽሔቱ ውስጥ የሚያስተባብለው ማስረጃ የለም።

ቀጥሎ «ላስት ወርድ»፣ የተመራቂው የስንብት ቃል፣ አለ። ፈጣሪንና ወላጅን ማመስገን በማንም ሊነቀፍ አይገባም፤ ይቆይ። ሌላው ግን የሚገርም ሀብት ነው። አንስታይን ያልተናገራቸው የአንስታይን ንግግሮች፣ ማንዴላ ሰምተዋቸው የማያውቁ የማንዴላ ቃላት፣ ሦስት ተማሪዎች በአንድ ገጽ ላይ የተጋሩት አንድ ጥቅስ። በትውልድ ቦታው ተረትና ምሳሌ ሞልቶ የሚተርፈው ልጅ፣ በሕይወቱ ለመጨረሻ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ስም እንዲናገር ሁለት መስመር ተሰጥቶት በተውሶ ተናገረ። ከስሙ ሥር «የወደፊት ዶክተር»፣ «የወደፊት ፓይለት»፣ «የወደፊት ኢንጂነር» ተጽፏል፤ የወደፊት አርብቶ አደር፣ የወደፊት ነጋዴ፣ የወደፊት ቦቴ ሹፌር አንድም የለም።

እዚህ ላይ ነቃፊው በመጨረሻ ያዝኳቸው ብሎ ቁጥር ያወጣል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተቀምጠው ሲወስዱ፣ በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ያሳለፈው ከአሥር አራቱን ያህል ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ዶክተርና ፓይለት ጋዋን ለብሶ፣ ቆብ ወርውሮ፣ በመርከብ የት ሊሄድ ነው ይላል ነቃፊው።

ኮሚቴው መልስ አያጣም። መጽሔቱ የሚታደለው በምርቃቱ ቀን ነው፤ ውጤቱ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። ፎቶ ቤቱም ቀሪ ሂሳቡን ተቀብሎ ለተተኪዎቹ ናሙና ይዞ በየክፍሉ እየዞረ ነው። ቅድመ ክፍያው 50 በመቶ ነው፤ ይህኛውን 50 ሁሉም ያመጣል።