የባዶ ሣጥን ግርማ

የሄቪ ሜታል መድረክ ያለ ግድግዳ አይቆምም። ከጊታሪስቱ ጀርባ፣ ከድራሙ ግራና ቀኝ፣ ጥቁር የጊታር ስፒከር ሣጥን አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ ወደ መብራቶቹ ይወጣል። በየሣጥኑ ውስጥ ባለ 12 ኢንች ስፒከር አራት አራት ሆኖ እንደተቀመጠ ይታመናል፤ እምነት ደግሞ መመርመርን አይወድም። በትልልቅ መድረኮች ከግድግዳው ጀርባ ዞሮ የተመለከተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አየር ነውና፤ ፊቱ ጨርቅ የለበሰ፣ አርማ የተለጠፈበት፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ሳንቃ። በአማርኛ ባዶ ጣሳ ይጮኻል እንላለን። የሜታል ሰዎች ይህን ብሂል ሽረውታል፤ የእነሱ ባዶ ዕቃ ትንፍሽ አይልም። እንዲያውም ከመላው ግድግዳ በጠባዩ የሚመሰገነው እሱ ነው፤ አይከብድም፣ አይቃጠልም፣ የማንንም ጆሮ አይጎዳም።

እውነቱን ለመናገር ግድግዳው ሲጀመር ምክንያት ነበረው። ጂም ማርሻል የተባለ የድራም ተጫዋችና አስተማሪ በ1960 በምዕራብ ለንደን፣ ሃንዌል ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ከፈተ፤ በ1962 አምፕሊፋየር መሥራት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የዘ ሁ ቡድን ጊታሪስት ፒት ታውንሼንድ የበለጠ ጉልበት ያለው ይሠራልኝ ብሎ ስምንት ስፒከር ያጨቀ ሣጥን አሠራ። ዕቃ ተሸካሚዎቹ ወገባችን አለቀ ሲሉ ሣጥኑ ለሁለት ተከፈለና አንዱ ባንዱ ላይ ተጫነ። ዛሬ ወጣቶች እንደ ታቦት የሚሳለሙት ድርድር የተወለደው እንግዲህ ከተሸካሚ አቤቱታ ነው። በዚያ ዘመን የአዳራሽ ስፒከር ከዘፋኙ ድምፅ ሌላ የሚሸከም አልነበረም። ቢትልስ በነሐሴ 1965 ኒውዮርክ በሚገኘው ሺአ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት ሲጫወቱ ጊታራቸው የሚወጣው ከኋላቸው ከቆሙት ባለ 100 ዋት አምፖች ነበር፤ የተመልካቹ ጩኸት ሁሉንም ዋጠው። መሰማት የፈለገ ጊታሪስት ጩኸቱን ራሱ ይዞ መምጣት ነበረበት። በኋላ ግን ዘዴው ተለወጠ። አንድ ማይክ በአንድ ስፒከር ፊት ይቆማል፣ ጊታሩ ወደ ሚክሰር ይገባል፣ ከዚያ ከመድረኩ በላይ በተሰቀሉት ትልልቅ ስፒከሮች ለሕዝቡ ይደርሳል። በጀርመኗ ቫከን ፌስቲቫል በየዓመቱ ሜዳ የሚሞላው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የሜታል ወዳጅ ጊታሩን የሚሰማው በዚሁ መንገድ ነው። ምክንያቱ ሄዷል፤ ሣጥኑ ግን ቀርቷል።

ባዶው ሣጥን እንግዲህ ንጹሕ ነው፤ መከራው ያለው ሙሉው ዘንድ ነው። ሁለት መቶ ሰው በምትይዝ ጠባብ ክበብ ውስጥ ባለ 100 ዋት አምፕ በሁለት ሣጥን ላይ ጭኖ የሚመጣ ጊታሪስት አለ። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ በግምት አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ይህ ለጊታሪስታችን ተራ የሂሳብ ወሬ ነው። የሣጥኑ ስፒከሮች ቀጭኑን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን አጥብበው ወደ ፊት ይወረውሩታል። ባለቤቱ አጠገባቸው ስለቆመና ከጉልበቱ በታች ጆሮ ስላልተፈጠረለት ድምፁ የደነዘዘ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ስለታሙን ድምፅ ይጨምራል። ያ ሁሉ ስለት ከፊት መሐል የቆመውን አድናቂ ግንባሩን ይለዋል፣ ከጎን ያለው ደግሞ ጊታር መኖሩን በዓይኑ ብቻ ያረጋግጣል። የድምፅ ባለሙያው ከመድረክ የሚመጣውን መቀነስ አይችልም፤ ያለው ምርጫ ዘፋኙንና ድራሙን ከዚያ በላይ ማስጮኽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ለሙዚቃ ቦታዎች አማካይ የድምፅ መጠን ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ደግነቱ ጆሯቸው የደነቆረ ሰዎች መመሪያ ሲነበብላቸው አይሰሙም።

ባለሙያ ነን የሚሉት እዚህ ላይ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ በአምፕ ውስጥ ያሉት የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ካልተጨነቁ ጣዕም አይሰጡም ይላሉ። ለ1960ዎቹ ሮክ እውነት ነው። የሜታል ሻካራ ድምፅ ግን በአብዛኛው የሚፈጠረው ከመጨረሻው ማጉያ በፊት፣ በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ በ1992 የወጣውና የሜታል ቡድኖች የተሻሙበት ፒቪ 5150 አምፕ ለሻካራነቱ አንድ ቁልፍ፣ ለጩኸቱ ሌላ ቁልፍ ያለው በከንቱ አይደለም። ሜታሊካ በታኅሣሥ 2013 አንታርክቲካ በሚገኘው የአርጀንቲና ካርሊኒ ጣቢያ ሲጫወቱ፣ አካባቢውን ላለመረበሽ ሙዚቃው ለተመልካቹ የደረሰው በጆሮ ማዳመጫ ነበር። ሜታልነታቸውን በረዶ ውስጥ ጥለው አልተመለሱም። ዛሬ በአንድ እጅ የሚያዝ ዲጂታል መሣሪያ የዚያን ሁሉ አምፕ ድምፅ ይሰጣል፤ ከእሱ ጋር የሚጫወቱ አንዳንድ ቡድኖች ግን ከጀርባቸው ግድግዳውን ማቆማቸውን አልተዉም።

ጊታር ከስፒከሩ ጋር ተናቦ የሚያመጣው ያ ረጅም ጩኸት አየር እንደሚፈልግ ማንም አይክድም፤ ለእሱ አንድ ሣጥን ይበቃል። ሰን የተባለው የሲያትል ቡድን ከአምፕ አምራች ስም ወስዶ ራሱን የሰየመ ነው፤ የእነሱ ሙዚቃ በሰውነት የሚሰማ የአምፕ ንዝረት ስለሆነ ከዚህ ሽሙጥ ነጻ ናቸው። ዓይንም ድርሻ አለው የሚለውን ክርክርም እቀበላለሁ፤ ትርኢት ትርኢት ነው። ችግሩ የሜታል ሰዎች ትርኢት ነው ብለው አለማመናቸው ነው። የፖፕ ዘፋኝ በተቀዳ ድምፅ ከንፈሯን ብታንቀሳቅስ አታላይ ይሏታል፤ ራሳቸው ግን ከንፈሩን እንኳ የማያንቀሳቅስ ሳንቃ ፊት ቆመው በእውነተኛነታቸው ይምላሉ። በ1984 የወጣው ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ የተሰኘው ፊልም ቁልፉ እስከ 11 በሚደርስ አምፕ የሚኮራ ጊታሪስት አሳይቶ ዓለምን አሳቀ። ማርሻል ኩባንያም ቀልዱን ሰምቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁልፉ እስከ 20 የተቆጠረ እውነተኛ አምፕ ለገበያ አቀረበ። ከእንዲህ ያለ ገበያ ጋር የሽሙጥ ጸሐፊ ምን ብሎ ይወዳደራል?

ስለዚህ ወደ ሜታል ኮንሰርት የምትሄዱ ሁሉ፣ ሣጥኖቹን መቁጠር ትታችሁ በፊታቸው የቆሙትን ማይኮች ቁጠሩ። ጊታሪስት ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ትንሽ አምፕ ግዙና በተረፈው ገንዘብ የድምፅ ባለሙያውን በወጉ ክፈሉት፤ ሕዝቡ የሚሰማችሁ በእሱ እጅ ነው።