ዳገቱን ለእኛ፣ ባቡሩን ለእናንተ

የድሬዳዋ ልጅ ሐረር ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ሙቀቱንና ባቡሩን። ሙቀቱ ደንገጎ ዳገት ላይ ይለቀዋል። ባቡሩ ግን ሸዋ በር ድረስ አብሮት ይገባል። ገና ወንበር ሳይስብ፣ «አቦ፣ እናንተን እኮ ባቡር እንኳ ከሩቅ አይቷችሁ ዞሮ ሄዷል!» ይላል። ይህ ተረብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሐረር ቅርስ መጠበቅ ስለምትወድ እሱንም ጠብቃ አቆይታዋለች።

ሰሞኑን አንዱ የድሬ ወዳጄ ሱሪ ላሳጥር ቢለኝ ጀጎል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደርድረው ወደሚውሉበት መኪና ግርግር ይዤው ሄድኩ። ሱሪው ሲለካ ተረቡም ተጀመረ።

«ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ውል ሲሰጡ የመጀመሪያው ክፍል ከየት እስከ የት ነበር?» አልኩት።

«ከጅቡቲ እስከ ድሬ።»

«ድሬ ያኔ የት ነበረች? ውሉ ከጅቡቲ እስከ ሐረር ነው የሚለው። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ቆላው ላይ ሲቆም ነው ከተማችሁ የተቆረቆረችው፤ ያውም ‹አዲስ ሐረር› ተብላ። በእኛ ስም ተጠርታችሁ ነው ያደጋችሁት።»

«ስሙን ውሰዱት፤ ባቡሩ ግን ቀረባችሁ።»

«ቀረ አይባልም። አቃተው ነው የሚባለው።»

«ለምን እንዳቃተውስ አውቃለሁ» አለ፣ የትምህርት ቤት ትዝታው መጣለትና። «ሐረር ከፍታ ላይ ናት። ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይደክማል።»

ግማሹ እውነት ነው። ጅቡቲ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ ሐረር ላይ 94 ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ባቄላችን በቶሎ አልበስል ብሎ የድሬ እንግዳ ፊት የሚያሳፍረን ለዚህ ነው። ቦይለር ግን ክፍት ድስት አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ ተኖ ሲያልቅ፣ ቦታ ካገኘ፣ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። ቦታ ሲከለከል ይገፋል፤ የእንፋሎት ሞተር ምስጢሩ ይኸው ነው። ግፊቱ የከባቢ አየሩን 10 እጥፍ በሆነ ቦይለር ውስጥ ውኃ የሚፈላው 180 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ውጭው ሐረር ይሁን ጅቡቲ ቦይለሩ ጉዳዩ አይደለም። ይህንኑ ነገርኩት።

«እንደ አንተ ጭንቅላት በለኛ፤ ዝግ ስለሆነ ውጭ ያለውን አያውቅም።»

«ቦይለርስ ሲብስበት የሚተነፍስበት ቫልቭ አለው። አንተ አፍህ ተዘግቶ ስለማያውቅ ግፊት የሚባለውን ነገር አጠራቅመህ አታውቅም።»

ልብስ ሰፊው ከት ብለው ሳቁ። ከሳቁማ አይቀር ብዬ ወደ ፒስተኑ ገባሁ። እንፋሎቱ በሲሊንደሩ በአንዱ በኩል ገብቶ ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ወዲያው ቫልቩ መንገዱን ይቀይርና በሌላው በኩል ገብቶ ይመልሰዋል። ፒስተን መሄድና መመለስ እንጂ መዞር አያውቅም።

«እኔስ ምን የተለየ ሕይወት አለኝ? ከድሬ ሐረር፣ ከሐረር ድሬ።»

«ታዲያ መንኮራኩሩን ማን ያዞረዋል?» አልኩት። ዝም አለ። የድሬ ልጅ ዝም ሲል ማየት ብቻውን የሱሪውን ዋጋ ያወጣል።

መልሱ ከልብስ ሰፊው እግር ሥር ነበር። «እዚህ ተመልከት ልጄ» አሉት። መርገጫው ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ከእሱ የተነሳችው ቀጭን ብረት ደግሞ ከጎማው መሃል ፈንጠር ብላ ስለታሰረች ጎማውን ታዞረዋለች። ፒስተኑን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያገናኘው የባቡሩ ቢዬላም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። መርገጫውን ጫፍ ላይ አድርሰው አቆሙትና፣ «እዚህ ላይ ትሞትብኛለች። ብረግጥ ወይ አትነቃነቅ፣ ወይ ወደ ኋላ ዞራ ክሩን ትበጥሰዋለች» አሉ። ቀኝ እጃቸውን ላይኛው ጎማ ላይ ጣል አድርገው ገፋ ሲያደርጓት ተነሳች።

ባቡር ቀኝ እጅ የለውም። ስለዚህ በግራና በቀኝ ሁለት ሲሊንደር ተሰጠው፤ የአንዱ ቢዬላ ከሌላው ሩብ ዙር ቀድሞ ይታሰራል። አንዱ ጫፍ ደርሶ ሲሞት ሌላው ጉልበቱ መሃል ላይ ነው። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት እንኳ ዝም ብሎ አይባረርም፤ በጭስ ማውጫው ተተኩሶ ሲወጣ አየር እየሳበ እሳቱን ያራግባል። ጡረታ ወጥቶም የሚሠራ ሠራተኛ አይታችኋል?

«ጋሼ፣ እንግዲያው ይቺን ሲንጀር ሐዲድ ላይ ብናስቀምጣት ዳገቱን ትወጣለች?»

«እሷ ሱሪህን ታሳጥራለች። ምላስህን ለማሳጠር ነው ባቡር የሚያስፈልገው።»

ዳገቱ ከተነሳ፣ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ አንድ ቶን ዕቃ በሐዲድ ለመጎተት 5 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃል። በየ1,000 ሜትሩ 25 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ላይ ግን ለዚያው ቶን ሌላ 25 ኪሎ ይጨመራል፤ ስድስት እጥፍ! እንፋሎቱ ቢበረታም ለስላሳ ብረት ለስላሳ ብረት ላይ ባለበት ይሽከረከራል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። በመካከል ያለው ተራራ ደግሞ ከ2,000 ይበልጣል። ባቡሩ ሐረር ለመግባት መጀመሪያ ከሐረር በላይ መውጣት ነበረበት! እየተጠማዘዙ መውጣት ይቻል ነበር፤ መጠማዘዝ ግን ገንዘብ ነው። የባቡሩ ኩባንያ ደግሞ ድሬ ደርሶ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ፤ አዲስ አበባ የተገባው በሌላ ኩባንያ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሐረርን የናቀ ባቡር የለም። የፈራ ነው ያለው።

«ቢሆንም ባቡሩ ከዚራን የሚያህል ሰፈር ሰጥቶናል፤ ፈረንሳይኛም አስተምሮናል።»

«ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እኛ ጋ ፈረንሳይኛ ሲያወራ ነበር፤ ያውም ከባቡራችሁ ሃያ ዓመት ቀድሞ።» ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ከኤደን ወደ ሐረር ሊወጣ ሲል ለቤተሰቡ ጽፎ ካዘዛቸው መጻሕፍት አንዱ ስለ እንፋሎት መርከብ አዛዥነት ነበር። ባሕር ለሌላት ከተማ! እናንተ በባቡር ስትኮሩ እኛ መርከብ ታስቦልን ነበር።

ወዳጄ የመጨረሻዋን ጥይት አወጣ። «አዲሱስ? በኤሌክትሪክ የሚሄደው?»

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ማለቱ ነው። እሱም ሐረርን አልረገጠም፤ እውነት ነው። ግን እንፋሎት የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ጣቢያውም ከድሬ ከተማ ወጣ ብሏል። ባለ ባቡሮቹ ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ባጃጅ ይሳፈራሉ። ባቡር አንዴ ከከተማ መራቅ ከጀመረ ኑሮ ምን እንደሚመስል ግራ የገባችሁ የድሬ ልጆች እኛን ጠይቁን፤ የመቶ ዓመት ልምድ አለን፣ ምክሩም በነፃ ነው።