ውጤቱ የታወቀ ጨዋታን ስለ መፍራት

የድሮ ጨዋታ ተመልካች ማለት ማን እንዳሸነፈ፣ በስንት እንዳሸነፈና የመጨረሻዋን ነጥብ ማን እንዳስቆጠረ አስቀድሞ እያወቀ እንደማያውቅ ሰው የሚጨነቅ፣ የሚቆጣ፣ ሲብስበትም ዓይኑን በጋቢው ጫፍ የሚሸፍን ሰው ነው። ውጤቱን ከዳኛው እኩል ስለሚሰማው የቀጥታ ሥርጭት ደጋፊ ብዙ ተብሏል፤ ፊሽካው ከተነፋ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዳኛውን ስለሚሳደበው ሰው ግን የተባለው ጥቂት ነው። እዚህ የሚቀርበው ጥናት የዚህን ሰው ጠባይ የሚመረምር ሲሆን፣ መኖሪያው ይፋግ፣ የሚመለከተውም ስለ ቅርጫት ኳስ ያለፈ ዘመን የተሠራ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ነው።

ፊልሙ «ዘ ላስት ዳንስ» ይባላል፤ «የመጨረሻው ጭፈራ» እንደ ማለት ነው። ጄሰን ሄየር ያዘጋጀውና 10 ክፍል ያለው ይህ ሥራ የቺካጎ ቡልስን ቡድን፣ ይልቁንም ማይክል ጆርዳንን፣ እስከ 1990 ዓ.ም ማብቂያ ውድድራቸው ድረስ ይከተላል። ሊቀርብ የታሰበው ለሰኔ 2012 ዓ.ም ነበር፤ የኮሮና ወረርሽኝ ስታዲየሞችን ዘግቶ ሰው ጨዋታ ሲራብ ግን ቀደም ተደርጎ ከሚያዝያ 11 እስከ ግንቦት 9 በየእሑዱ ሁለት ሁለት ክፍል በአሜሪካ ታየ። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም በኢትዮጵያ ፋሲካ ነበር። አሜሪካውያን ጆርዳንን ሲያዩ ይፋጋዊው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክንያት እንግዳ ያልመጣበትን ዶሮ ወጥ ይበላ ስለነበር፣ ፊልሙ ወደ እርሱ የደረሰው ዘግይቶ፣ በፍላሽ ተጭኖ ነው። «መጫን» በዚህ አገባቡ አህያን አይመለከትም፤ ፊልምን ከኮምፒውተር ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሚሞሪ በክፍያ መገልበጥ ማለት ነው።

ይፋግ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ዛሬ በስፋቷ የምታስደንቅ ባትሆንም በ19ኛው መቶ ዘመን በጎንደር ዙሪያ ስመ ጥር ከነበሩት ገበያዎች አንዱ የሚቆመው በእርሷ ነበር፤ በዚያ ዘመን እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ፣ ማለትም ተጠርቦ የተስተካከለ የጨው ጡብ፣ በነጋዴ እጅ እየተቆጠረ ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። ይህ ከቅርጫት ኳስ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የፊልሙ መጨረሻ ጨዋታ የተካሄደበት ሶልት ሌክ ሲቲ «የጨው ሐይቅ ከተማ» ተብሎ እንደሚተረጎም ሲነገረው፣ ይፋጋዊው ተመልካች በወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ ጨው የተነሣበት ታሪክ ሁሉ በአያቶቹ እጅ ያለፈ ይመስለዋልና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩን የሚከታተለው እንደ ባለጉዳይ ነው።

የጨዋታው ስምም አጭር ማብራሪያ ይፈልጋል። ጄምስ ኔይዝሚዝ የተባለ ካናዳዊ መምህር በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ጨዋታውን ሲፈለስም በአዳራሹ ሰገነት ላይ የቸነከረው ሁለት የኮክ ቅርጫቶችን ነበር፤ ቅርጫቶቹ ታቻቸው ድፍን ስለነበረም ኳሷ በገባች ቁጥር ወጥቶ የሚያወርዳት ሰው ያስፈልግ ነበር። ቅርጫትን ከቅርጫ፣ ማለትም ጎረቤታሞች አዋጥተው በሬ ገዝተው፣ አርደውም በመደብ በመደብ ከሚከፋፈሉት ሥጋ ጋር የሚያዛምዱ ተመልካቾች አሉ። ዝምድናው በሰዋስው አያስኬድም፤ በፊልሙ ታሪክ ግን ያስኬዳል።

«ቡልስ» ማለት ኮርማዎች ማለት ነው። ቺካጎ ለተቀመጠ ደጋፊ ይህ በቀይ ቀለም የተሣለ ባለ ቀንድ ምልክት ብቻ ሲሆን፣ ኮርማንና በሬን ለሚለይ፣ ማለትም ያልተቀጠቀጠውን ከተቀጠቀጠው፣ ቀንበር የማይችለውን ከሚችለው ለይቶ ለሚያውቅ የደጋ ሰው ግን ስሙ ራሱ የአስተዳደር ችግር መኖሩን ያስታውቃል። ኮርማ አይጠመድም። ጆርዳንና ስኮቲ ፒፐን ግን ተጠምደዋል፤ አምስት ዋንጫም በልተዋል፤ አሠልጣኙ ፊል ጃክሰንም ጅራፍ ሳያነሣ ይነዳቸው ነበር። ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጄሪ ክራውስ ቡድኑ በዘመኑ ያሉትን 82 ጨዋታዎች በሙሉ ቢያሸንፍ እንኳ አሠልጣኙ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይኖር አስታወቀ። ፊልሙ በዚህ ቦታ የውልና የዕድሜ ትንታኔ ያቀርባል፤ ይፋጋዊው ግን ትንታኔውን አይጠብቅም። የመጨረሻው ጨዋታ የዋለው ሰኔ 7 ቀን 1990 ዓ.ም ነው፤ ሰኔ ደግሞ በፎገራም ሆነ በሊቦ ገበሬ ከበሬው በቀር ወዳጅ የሌለው ወር ነው። «በሰኔ በሬውን የሚያርድ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስም አይጠብቅም። ክራውስ በ2009 ዓ.ም ያረፈ በመሆኑ በፊልሙ ራሱን ሊከላከል እንዳልቻለ ሲነገረው ተመልካቹ «ነፍስ ይማር» ይልና ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሆነው በቅርጫ ሥርዓት መሠረት ነው፦ ጆርዳን ጡረታ ወጣ፣ ፒፐን ለሂውስተን፣ ስቲቭ ከር ለሳን አንቶኒዮ፣ ሉክ ሎንግሊ ለፊኒክስ ተመደቡ። በሬ ካራጁ ይውላል።

በዚህ ጥናት «ድኅረ ውጤት ፍርሃት» የሚል ስያሜ የተሰጠው ነገር የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ይህም ያለቀ ጉዳይ እንዳያልቅ መስጋት ማለት ሲሆን፣ ምልክቶቹ የቡና ሲኒ አፍ ላይ ሳይደርስ መቆየት፣ «ኧረ ተው!» የሚል ቃለ አጋኖ ለማይሰማ ሰው መሰንዘርና ለቆመ ሰው «ቁጭ በል!» ማለት ናቸው። የከተማ ምሁር ይህን አለማወቅ ሊለው ይችል ይሆናል። ሆኖም በዓርብ ስቅለት እየሰገደ የሚያለቅሰው ምእመን እሑድ ትንሣኤ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ እንዲያውም ዶሮው ተገዝቶ በቤቱ ታስሯል። ዓርብን በዓርብነቱ ማልቀስ የተማረ ሕዝብ፣ በአራተኛው ክፍለ ጨዋታ ውጤቱን አውቆ ላብ ቢያጠምቀው ሊያስገርም አይገባም።

ከፊልሙ ይዘት ሁሉ ለይፋግ ያለ ትርጉም የሚገባው የቂም ምዕራፍ ነው። ጆርዳን ትንሽ ቃል ሰምቶ ትልቅ ነገር የሚያደርግ ሰው መሆኑን ፊልሙ ደጋግሞ ያሳያል። ላብራድፎርድ ስሚዝ የተባለ የዋሽንግተን ተጫዋች በመጋቢት 1985 ዓ.ም በቡልስ ላይ 37 ነጥብ አስቆጠረ፤ ጆርዳን ሰውዬው በጨዋታው መጨረሻ በሽሙጥ አመስግኖኛል አለና በማግሥቱ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 36፣ በጠቅላላው 47 ነጥብ አስቆጠረበት። በኋላ ሲጠየቅ ሽሙጡን ራሱ እንደፈጠረው አመነ። ሌላው ዓለም በዚህ ተደንቋል፤ ይፋጋዊው ግን ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይደነቅም፤ የወሰን ድንጋይ አንድ ስንዝር ተገፋ ብሎ ሦስት ትውልድ የተካሰሰ ዘመድ ያለው ሰው፣ ለሥራ የሚያነሣሣ ቂም ሲጠፋ በቤት ውስጥ መሠራቱ አዲስ አይሆንበትም። የሚያስቆጣው ሌላ ነው። በ1983 ዓ.ም የዲትሮይት ተጫዋቾች ሲሸነፉ እጅ ሳይጨብጡ ከሜዳ ወጡ፤ ጆርዳንም ይህን ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በካሜራ ፊት ገና አልማረም። ይፋጋዊው ዘወር ዘወር ብሎ ያይና «በዚያ አገር ሽማግሌ የለም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ጠበቃ፣ ወኪል፣ ጋዜጠኛና ሁለት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ሲቀርቡ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ እንደ ጎደለው ወጥ አንድ አስታራቂ አይታይም።

በፒፐን ላይ ያለው አቋም ጠንከር ያለ ነው። ፒፐን በ1983 ዓ.ም የሰባት ዓመት የ18 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ፣ በመጨረሻው ዓመት በደመወዝ ከቡድኑ 6ኛ፣ ከሊጉ 122ኛ ሆኖ መገኘቱን ፊልሙ እንደ ታላቅ በደል ያቀርበዋል። ተመልካቹ ዶላሩን በልቡ ወደ ብር ይመነዝርና ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል።

ሕመምን በተመለከተ ይፋግ የራሷ ሕክምና አላት። ሰኔ 4 ቀን 1989 ዓ.ም ጆርዳን በሶልት ሌክ ሲቲ ታሞ እየተንገዳገደ 38 ነጥብ አስቆጠረ፤ ጨዋታውም ለዓመታት «የጉንፋኑ ጨዋታ» ሲባል ኖሮ በፊልሙ ግን ነገሩ ጉንፋን ሳይሆን ሌሊት የታዘዘ ፒዛ መሆኑ፣ ፒዛውንም አምስት ሰዎች ሆነው እንዳመጡት ተገለጠ። አንድ ፒዛ፣ አምስት ተሸካሚ። እዚህ ላይ ተመልካቾች በሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሱ «አብልተውት ነው» ሲል ገሚሱ «ዓይን ነው፣ ሰው እያየው ባይበላ ኖሮ» ይላል። ጉንፋን የሚል ወገን አልተገኘም።

አብሮ ተመልካቹ ካልተጠቀሰ ጥናቱ ይጎድላል። ተከታታዩን አስቀድሞ ያየ ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም፤ ይህ ሰው «አሁን ታየዋለህ»፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይመጣል» እያለ ያለፈውን የሚተነብይ በመሆኑ «ነቢየ ኀላፊ» ሊባል ይገባዋል። እንግሊዝኛውን የሚተረጉመው ብዙውን ጊዜ እርሱ ራሱ ሲሆን፣ ጆርዳን ሦስት ቃል የተናገረውን ሦስት ደቂቃ ያስረዳል። ከእርሱ የሚከፋው ደግሞ ጨዋታውን በጊዜው በቀጥታ አይቼዋለሁ የሚለው የዕድሜ ባለጸጋ ነው። ሰኔ 7 ቀን 1990 ዓ.ም የተደረገው ጨዋታ በኢትዮጵያ ሰዓት ሌሊት ላይ የዋለ ሲሆን፣ በዚያ ዕለት በፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ እየተካሄደ ክሮሺያ ጃማይካን 3 ለ 1፣ አርጀንቲና ጃፓንን 1 ለ 0 ረትተው ነበር። ባለጸጋው ያስታወሰው ቀይና ነጭ ማሊያ የክሮሺያ መሆኑን በትሕትና ማስረዳት ይቻላል፤ ጥቅም ግን የለውም።

ስለ ፊልሙ እውነትነት የጎንደር ዙሪያ ሰው ሊታለል አይገባውም። በ1990 ዓ.ም ውድድር ቡድኑን የተከተሉት ካሜራዎች ከ500 ሰዓት በላይ ቀርጸው፣ ቀረጻው ያለ ጆርዳን ፈቃድ እንዳይወጣ በመስማማት ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ተቆልፎበት ቆየ፤ በመጨረሻም ጆርዳን ፈቀደና ወጣ። በጎንደር ቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል፣ ማለትም በንጉሡ ዘመን በንጉሡ ጥላ ሥር የሚጻፍ ታሪክ፣ የሚዘጋጀው በዚሁ አኳኋን ነበር፤ ልዩነቱ የጎንደሩ ጸሐፊ ብርሌ ይዞ እየሳቀ የሚመሰክር ንጉሥ አለማቅረቡ ነው። ፒፐን በኋላ በመጽሐፍ ተቃውሞውን ቢያሰማም፣ የተሸነፈ መስፍን ዜና መዋዕል ምን ያህል አንባቢ እንዳለው የታወቀ ነው። ፊልሙ ግን ግሩም ነው፤ ግሩም የሆኑ ዜና መዋዕሎችም አሉ።

የ10ኛው ክፍል መጨረሻ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ጠፍቶ ነው። ስልኩ የስኳር ጣሳ ተደግፎ ይቆማል፤ ባትሪው ቀይ ሆኗል፤ አራት ራስ በአንድ መስታወት ላይ ይደፋል። ሰዓቱ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ጆርዳን ኳሷን ይለቃል፣ እጁም በአየር ላይ እንደተዘረጋ ይቆያል። ነቢየ ኀላፊ ራሱ በዚህ ጊዜ ዝም ይላል። ተመልካቹ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ያነሣል።

ፍላሹ ሞልቶ 9ኛው ክፍል ላይ የቀረበት አንባቢ ቢኖር፣ ውጤቱ 87 ለ 86 ነው፤ ያሸነፉት ኮርማዎቹ ናቸው።