ባለ 100 ሻማው መሪ

«እሱ እኮ እንቅልፍ የለውም» የሚል ውዳሴ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስለ አንድ ባለሥልጣን የሚነገር መልካም ነገር ሲታጣ ይህች ትመዘዛለች። እንቅልፍ ማጣት ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነገር መሆኑ ቀርቶ የአመራር ጥበብ ሆኗል። ደግሞ እኮ የሚወራው እንደ አዲስ ነገር ነው! በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ጣሊያኖች ይህን ሙያ አራቅቀው ጨርሰውታል።

የፋሽስት ኢጣሊያው መሪ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1929 ቢሮውን ሮም ወደሚገኘው ፓላዞ ቬኔዝያ አዛወረ። ማታ ማታ የቢሮው መብራት ሳይጠፋ ይቆያል፤ በአደባባዩ የሚያልፍ ሁሉ ሽቅብ እያየ «ዱቼ (መሪው) ሥራ ላይ ነው» ይላል። ዱቼ ግን ቪላ ቶርሎኒያ ከሚባለው መኖሪያው ገብቶ ለጥ ብሏል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! አገር ለመምራት ለካ አንድ አምፖል ይበቃል። አምፖል ጉቦ አይበላም፣ ዘመድ አይሾምም፣ ሰገነት ላይ ወጥቶ አገጩን ቀስሮ አይደነፋም። እንደ እኔ ቢሆን ነገሩ በዱቼ ብቻ ባልቆመ ነበር። ካቢኔው በሙሉ በየማዕረጉ ይተካ፦ የጦር ሚኒስትሩ ባለ 100 ሻማ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ለቁጠባ ሲባል ባለ 25፣ የፕሮፓጋንዳው ባለ 200። ስብሰባ ማለት ማብሪያውን ቀጭ ማድረግ ነው፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይበራሉ። ብልጭ ድርግም ያለ በከሃዲነት ይከሰሳል። መብራት በጠፋ ቁጥር መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ ተብሎ ይታወጃል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላሉን ተሸክሞ ሲመጣ የታየ እንደሆነ ደግሞ፣ ሕዝቡ ምርጫ ደረሰ ብሎ በየሰፈሩ ሹክ ይባባላል።

የቀረው ብልሃቱም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ጋዜጦች የዱቼን ዕድሜ፣ ሕመሙንና አያት መሆኑን እንዳይጽፉ ታዘው ነበር፤ አምፖል የልጅ ልጅ አያይማ። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ ስንዴ ሲወቃ ፎቶ ተነሣ፤ የዳቦው ዋጋ ግን ለፎቶ አልቀረበም። ሌሎቹስ መቼ ሰነፉ? የሶቪየቱ የስታሊን ፊት ላይ የነበረው የፈንጣጣ ጠባሳ በፎቶ አራሚዎች እጅ ዳነ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እንዳይነሣ ጠባቂዎቹ ፎቶ አንሺዎችን ይከላከሉ ነበር። በእሱ እንኳ አልፈርድም፤ ሰው በሕመሙ ሊሣቅበት አይገባም።

ከዚህ በኋላ ግን ቀልዱ አልሆን አለኝ። ሙሶሊኒ እውነትም ነቅቶ የሠራበት ጊዜ ነበረ። ኢትዮጵያን በወረረበት ጦርነት፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ለጦር አዛዦቹ፣ በጥቅምት ለግራዚያኒ፣ በታኅሣሥ ለባዶሊዮ፣ የመርዝ ጋዝ እንዲጠቀሙ በቴሌግራም የፈቀደላቸው እሱ ራሱ ነው። ከአውሮፕላን የወረደው መርዝ ወታደሩንም እረኛውንም ከነከብቱ አቃጠለ። ነፍሰ ገዳይ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ስንዴ ሲወቃ ያሳየ ፕሬስ ይህን አላሳየም፤ ወሬው እንዳይወጣ ሳንሱሩ አፍኖ ያዘው። በዚያው ጦርነት ወታደሮቹ ዓድዋ አጠገብ የሙሶሊኒን ግዙፍ ጭንቅላት ሠርተው አቆሙ። ጭንቅላቱን ብቻ። ቴሌግራሙን ያጸደቀበትን እጅ ትተውታል።